ዘመም ያለው ቤቱ ነው

ሰኔ 16 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ከሳሽ፦ ቀኝ ጎኔ። ተከሳሽ፦ ግራ ጎኔ። የክሱ ምክንያት፦ ተከሳሹ ከግንቦት 21 ቀን ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው ስለ ጠፋ።

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እኔ አለበል የራሴን ጉዳይ የማቀርብበት ችሎት ስላጣሁ ለዚህ ደብተር አመለክታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ የቁይ ባላገር የድንበር ክርክር እየጻፍኩ፣ ገና የዳኛውን ማዕረግ ደርድሬ ሳልጨርስ፣ ከበርጩማዬ ወደ ግራ ተንከባለልኩ። ባላገሩ ከላይ ሆኖ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ገና ነገሬን መች ሰማህና!» አለኝ አሉ።

ታላቅ እህቴ ፈንታዬ፣ እታለም የምላት፣ ከአምበር ድረስ መጥታ «ምች ነው» ብላ ፈረደች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደምለው «የራስ ደም ሥር ነው የተደፈነ» ብሎ ይግባኝ አለ። ልጄ የብርጓል ግን ውኃ አሙቃ አጠበችኝ። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቆመው በልጄ ነው፤ አሁን ደግሞ እኔም ተጨመርኩባት።

ምላሴና ቀኝ እጄ ደኅና ናቸው። ለማመልከቻ ጸሐፊ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? መቀመጥ። ሕፃን በስድስት ወሩ የሚችለው መቀመጥ! የጠፋብኝ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ደብተሩን ደረቴ ላይ ባጋደምኳት ጣውላ አስደግፌ ነው። ቀለሙ ወደ እጅጌዬ ይወርዳል።

ሰኔ 19

ደምለው ጠዋት መጥቶ ከአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ፤ እግሮቼን መሬት አስረገጠና እጁን ለቀቀ።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ እየወደቁ ነው» አለ።

«አልወደቅኩም።»

«እየወደቁ ነው እኮ።»

«እኔ ቀጥ ብያለሁ፤ ዘመም ያለው ቤቱ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው። ምሰሶውን ምስጥ ከጀመረው ሁለት ክረምት አለፈው። ክርክራችን እልባት ሳያገኝ ራሴን ትራሱ ላይ አገኘሁት። ይህም የቤቱን መዝመም ያስረዳል እንጂ የእኔን አያስረዳም።

ከዚያ እታለም ገባች። «እኔን! እኔን ይጣለኝ!» ከግራዬ የጤፍ ስልቻ፣ ከቀኜ ሁለት ትራስ፣ ከኋላዬ የተጠቀለለ ጋቢ። እንደ ጠላ ጋን መደገፊያ ማቶት ሠራችልኝ። ደምለው «እማማ፣ ይህን ሁሉ ያንሱት። ካስደገፏቸው መቼ ይለምዳሉ?» ቢላት፣ «አንተ ከሰው ነው የተወለድክ ከዛፍ?» አለችው።

ቀጥላም አጎረሰችኝ። ቀኝ እጄ አፌን አስቶ አያውቅም፤ ይህን ለማስረዳት ግን አፍ ባዶ መሆን አለበት።

ሰኔ 26

የብርጓል ዛሬ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሏታል። ከመስቀል በኋላ ይከፈታል። ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ የወላጅ ፈቃድና ፊርማ። እስከ ጳጉሜን ሦስት ተፈርሞ ካልተመለሰ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

«እሰይ» አልኳት። ከልቤ ነው። ሦስት ጊዜ ነው ያልኩት።

ብዕሩን ስታቀብለኝ ግን የሙያ ጉዳይ መጣ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ደንበኛ ተጋድሞ እንዲፈርም ፈቅጄ አላውቅም። በአልጋ ላይ የተፈረመ ወረቀት ሲቀርብ ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሲፈርም አእምሮው በቦታው ነበር ወይ?» ብሎ ነው። የልጄ ወረቀት እንዲህ ያለ እንከን አይገኝበትም።

«ማንም ሳይደግፈኝ ተቀምጬ እፈርማለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«የተቀመጥኩ ዕለት።»

ብዕሩን ከእጄ መልሳ ወሰደች። «እሱስ ልክ ነው። ሳይቀመጡማ ጥዬዎት የት እሄዳለሁ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ከዳዊቱ ውስጥ አኖረችው።

ብልህ ልጅ ናት። ነገሩን ወዲያው ተረዳችው።

ሐምሌ 2

ዝናብ። ደምለው ከግንበኛ ቱንቢ ተውሶ መጣ። ክር፣ ከጫፉ ላይ ብረት። ከጣሪያው ወጋግራ አስሮ ፊት ለፊቴ አንጠለጠለው። «አፍንጫዎን ከክሩ ጋር ያስተካክሉ» አለ። አፍንጫዬ እንደ ተፈጠረ ነው፤ ክሩ ነው ያዘነበለ። ምስክርነቱን አልቀበልም። ቱንቢ የግንበኛ ወገን ነው።

ሲወዛወዝ ግንባሬን እየመታኝ ዋለ።

ሐምሌ 5

ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ጢሜን ራሴ ተላጨሁ። ራሴ! እታለም አይታኝ አፏን በእጇ ያዘች። የብርጓል ሳቀች፤ ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

«አባዬ፣ ግማሹን እኮ ነው የተላጩት።»

ግራ ጉንጬ እንደ ጎረቤት ማሳ ሳይነካ ቀርቷል አሉ። በምሳም እንዲሁ ናቸው። ትሪውን ጠርጌ በልቼ «ጨምሩ» ስል፣ የብርጓል ምንም ሳትጨምር ትሪውን ብቻ ታዞረዋለች፤ ግማሽ እንጀራ ከነወጡ ከች ይላል። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኩም።

ደምለው የሚለው «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፤ ሐሳብዎ ነው ወደ ግራ የማይሄደው። አንገትዎን እያዞሩ ይፈልጉ። እናንተም በግራቸው በኩል ቀርባችሁ አነጋግሯቸው» ነው። መንገዱ የተባረከ ይሁን። በግራዬ የሚመጣ ሰው ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ ድንገት የሚበቅል ነው። ነውር አይደለም?

ሐምሌ 8

ውርደት።

ትናንት የሥላሴ ዕለት የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል ጠበል ይዘው መጡ። እታለም ስልቻውን ለወፍጮ አንስታው ነበር። እኔ ከጠርዙ ላይ ነኝ፤ የብርጓል በትከሻዬ ይዛኛለች። አባ በበሩ ብቅ አሉ። ካህን ሲገባ ተቀምጦ መቅረት ይቻላል? እንኳን እኔ ምሰሶውም የሚያደርገው አይመስለኝም። «ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ። ከልጄ እጅ አመለጥኩ።

አባ «በእግዜር! በእግዜር!» እያሉ ሊያስቀምጡኝ ሲሮጡ፣ እኔ ወደ ግራ። ጠበሉ፣ አባና እኔ ወለሉ ላይ ተገናኘን።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትነሳ» አሉኝ ከሥሬ ሆነው።

ሐምሌ 9

ደምለው ሰምቶ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ መከላከያዬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ከመውደቅዎ በፊት ምን ያህል ተነሱ?» አለ።

«ስንዝር።»

«ክንድ ሙሉ ነው እንጂ!» አለች እታለም፤ ውድቀቴንም ቢሆን ማንም እንዲያሳንስብኝ አትፈልግም።

«ወደ ፊት ጎንበስ ብለው? ክብደትዎን እግርዎ ላይ ጥለው?»

«ታዲያ በምኔ ልነሳ፣ በጆሮዬ?»

ሰውየው ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። ሦስት ሳምንት «ወደ ፊት፣ ወደ ፊት» እያለ የለመነኝ ይህንኑ ኖሯል። ለሐኪም ትእዛዝ እንቢ ያለ ወገብ ለይሉኝታ ታዘዘ። እዚያው ፍርድ ሰጠ። ከእንግዲህ ጠያቂ ሁሉ አንድ በአንድ ይገባል። እኔ «ኖር» ብዬ ከመቀመጫዬ ከፍ እላለሁ፤ እንግዳው ከደፉ ሳያልፍ «በእግዜር» ይላል፤ እኔ ቀስ ብዬ እመለሳለሁ። ማንም እጁን አይዘረጋም። ስልቻው ጎተራው አጠገብ ይቀራል። ጉርሻ የለም።

እታለም «በበሽተኛ ላይ እንዲህ የሚጨክን ሐኪም የትም አላየሁ» ብላ አለቀሰች።

ሐምሌ 14

ቤቴ የገበያ በር ሆኗል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ዛሬ ብቻቸውን ዘጠኝ ጊዜ ገቡ። «ለነፍሴ ነው» ይላሉ። ወገቤ ግን ለነፍሳቸው መሰላል መሆኑ ነው።

ከቀትር በኋላ መንግስቱ መጣ። በርጩማዬ ገና ሳይቀዘቅዝ የተቀመጠበት፣ «አቤቱታ»ን በትክክል መጻፍ የማይችል መንግስቱ።

«ጋሽ አለበል፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ለእሱ ልነሳ? ተቀምጬ ቀረሁ። ደምለው «ውጣና እንደገና ግባ» አለው። ወጣ፤ ገባ። አልተነሳሁም። «አሁንም ውጣ።» ዝናቡ ሰውየውን አበሰበሰው። በአምስተኛው እንዲቀርልኝ ብዬ ተነሳሁ። ከሁሉም ከፍ ያልኩትም ለእሱ ነው፤ ንዴት ወገብ ያጠነክራል መሰለኝ።

«በእግዜር ጋሼ፣ አፈርኩ» አለ።

እፈር።

ሐምሌ 24

ማድ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔ ጆሮዬን አልዘረጋሁም።

እታለም፦ «አንቺ ሂጂ። እኔ ምን ሠራሁ? መኸሩን ለልጆቼ ትቼ እዚሁ እሆናለሁ።»

የብርጓል፦ «እታባ፣ ትናንት ውኃ ወርጄ ስመለስ ከአልጋውና ከግድግዳው መሐል ወድቀው አገኘኋቸው። እንዲህ ሆነው ጥዬ ብሄድ እንጀራው ይወርድልኛል?»

«ቀርተሽስ ምን ልትሆኚ?»

«ባል አገባለኋ።»

«ማንን?»

«ከበሩ አምስት ጊዜ የተመለሰውን!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

ትናንት የወደቅኩት ስለ ደከመኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። መቼ እንደምትመለስም አላውቅም ነበር። እንስራዋን ከደጃፉ ስታወርድ ድምፁ ይሰማል፣ እሱ እውነት ነው። እኔ ግን አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው። ወይም ከመውደቄ ጋር አብሮ።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ነው። ሁለቱም ከቀትር ጀምሮ ቅዳሴ ስለሆኑ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጠያቂም የለም።

የእጅ ጽሑፌ ተሻሽሏል። ጣውላዋን ጉልበቴ ላይ ሳደርጋት ቀለሙ እግዜር እንዳዘዘው ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ጠርሙስ ሲያልቅ ሌላውን ከመስኮቱ ደፍ አነሳሁ። መስኮቱ በግራዬ ኖሯል። ለአሥር ሳምንት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ዝንብ አባረርኩ። እግሬን አከክሁ፤ ግራውን። ሁለት ገጽ ጻፍኩ።

ድምፃቸውን ከመንገድ ስሰማ ጋደም አልኩ። ጾም ያደክማል።

ነሐሴ 9

ደምለው መጣ። የብርጓል ቆማ ታያለች። ከጠርዙ አስቀመጠኝ፤ ያ ቀጣፊ ቱንቢ ከፊቴ። አሥራ ሁለት ሳይቆጥር ወደ ግራ ሄድኩ።

«ለመንግስቱ የተነሱት ሰው የት ገቡ?» አለ።

«ጾም ነው» አልኩት።

ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ ብዙ አየኝ። በጣም የሚያናድድ አስተያየት ነው። የብርጓል ዳዊቱን አየች። እኔም ዳዊቱን አየሁ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ትራሱን አነሳችልኝ።

እጇ ሻክሯል። በፊት እንደዚህ አልነበረም። እንጨቱና ውኃው ነው።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። የብርጓል ዶሮ ስትበልት እታለም ከአልጋዬ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለች።

«ቀለሙ ከመስኮቱ ወርዷል» አለች።

«ድመቷ ናታ።»

«ክዳኑንም ድመቷ ከፈተችው?»

«ብልህ ድመት ናት።»

«ድመት የለንም፣ አለበል።»

ጋቢውን ወደ ትከሻዬ ሳበችልኝ።

«ስትወለድም እንዲሁ ነበርክ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣም ብለህ እናታችንን ልትገድላት። ሞቆህ ነበር መሰለኝ።»

ለየብርጓል አልነገረቻትም። ብትነግራት ሰድቤያት እገላገል ነበር።

ነሐሴ 27

ነገ እፈርማለሁ።

ነሐሴ 28

ዝናብ። ወገቤን።

ነሐሴ 30

ነገ።

ጳጉሜን 2

የብርጓል ጠዋት ትራሴን እያስተካከለች «ዛሬ ሄጄ ቦታዬን እመልሳለሁ። ተጠባባቂዋ የደጀን ልጅ ናት፤ በእኔ ምክንያት ለምን ሜዳ ላይ ትቀራለች» አለች። ድምፅዋ የረጋ ነው። ጨው ልገዛ ነው እንደማለት። ነጠላዋን ተከናንባ በዝናቡ ወጣች። እታለም ወፍጮ ቤት ናት።

እንግዲህ ትቀራለች ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አላልኩም። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ላይ ስንት አቤቱታ ጽፌያለሁ! «አረመኔነቱን ለክቡርነትዎ ላስረዳ» እያልኩ። እኔ ያስቀረኋት የለም። ያስቀራት ግራ ጎኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን

ጳጉሜን 3

ትናንት «ግን» ላይ ያቆምኩት ቀለም አልቆብኝ አይደለም።

«ይጨርሱት እንጂ» አለኝ አንድ ድምፅ ከግራዬ። «ግን ምን?»

አንገቴን ባዞር የብርጓል ናት። ከእግሯ ሥር ኩሬ ተሠርቷል፤ ከነጠላዋ የወረደ ነው። ያን የሚያህል ኩሬ በአንድ አፍታ አይጠራቀምም። እኔ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ነኝ፤ ትራስ የለ፣ ስልቻ የለ፣ የሚይዘኝ ሰው የለ። ጣውላዋ ጉልበቴ ላይ።

«የጽሕፈት ቤቱ ሹም የሉም፤ ነገ ተመለሺ አሉኝ» አለች። ከዚያ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«መቀመጥዎ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ለወሰን ገፊ፣ ለከብት ሌባ፣ ለሐሰተኛ ምስክር መልስ አጥቼ አላውቅም። «ይህ ቤት . . .» ብዬ ጀመርኩ።

«ቤቱን ይተዉት!» ጮኸች። በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። «ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን! በወደቁ ቁጥር ልቤ አብሮ ሲወድቅ! ደከመኝ ብዬ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ? ቅሪ ቢሉኝ እቀር ነበር። ‹የብርጓል፣ ቅሪልኝ› ብቻ። እርስዎ ግን አሞኙኝ።»

«ብትሄጂ ግራዬን ማን ያይልኛል?»

ይህን ልናገረው አላሰብኩም ነበር፤ ልጽፈውም።

ተነፈሰች። «ዞር ብለው ራስዎ ይዩት» አለች። በቁጣ ነው ያለችው፤ ምክር አይምሰል።

ወረቀቱን ከዳዊቱ አውጥታ ጣውላዋ ላይ አኖረችው። ጠረጴዛ እንጂ ጣውላ ለሕጋዊ ፊርማ አይበቃም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አይቼ ዘጋሁት። ፈረምኩ። የስሜ መጨረሻ ወደ ላይ ሸሽቷል። ስፈርም አእምሮዬ በቦታው እንደ ነበር እመሰክራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የት እንደ ነበር ግን አላውቅም።

ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተመልሳ ወጣች። አልተሳሳምንም። ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ በር ሲከፈት ደርሳ አስገብታዋለች።

መስከረም 1

«እንኳን አደረስዎ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አይገባኝም።

መስከረም 20

ሄደች። አውቶቡሱ በደጀን አድርጎ ዓባይን ይወርዳል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ያድራሉ።

ከመውጣቷ በፊት እንደ ልማዷ ሸሚዜን ልታለብሰኝ አነሳችው። እጅጌውን ከፈተች፤ ቆመች፤ መልሳ አልጋው ላይ ጣለችው። ከዚያ ሳመችኝ። በግራ ጉንጬ ነው የሳመችኝ፣ ሆን ብላ። ዞሬ እስካገኛት ጠበቀች።

«ቅሪልኝ» አላልኩም። አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት። ለዚህ ምላስ ቃል መዋጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሸሚዙን ስታገል ረፈደ። ከቀኝ እጅ ጀመርኩ፤ ግራው ውጭ ቀረ። አወለቅኩ። ደካማው ይቅደም ብሎኝ ነበር ያ ደምለው። ግራውን ከእጅጌው ውስጥ እንደ ሰነፍ በግ ጎትቼ አስገባሁት። አምስቱን ቁልፍ ስጨርስ አንድ ቀዳዳ ተረፈ። ሸሚዙ የተሰፋው በስድስት ነው ብዬ አለፍኩት።

መስከረም 24

ጠዋት ወደቅኩ። እታለም ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረች መውደቄ ለምንም አልጠቀመኝም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ለማን እጮሃለሁ? ግራ እግሬን ፈልጌ አገኘሁት፤ ከአልጋው ሥር ነበር። በቀኜ የአልጋውን እግር ይዤ፣ ጎንበስ፣ ወደ ፊት፣ ክብደቴን እግሬ ላይ። ሦስቴ ተመለስኩ። በአራተኛው ወጣሁ። ማንም «በእግዜር» አላለኝም።

እታለም ስትመለስ አቧራዬን አይታ «እኔን!» ልትል ነበር፤ ዋጠችው። ቁርስ አቅርባ ትሪውን ሳታዞር ተወችው። እኔው አዞርኩት።

ይህን የምጽፈው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራቸዋለች፤ ካልቀበረቻቸው ይመጡብኛል።

«ወደ ግራ ዘመም ብለሃል» አለችኝ አሁን።

ዞሬ አየሁ። ዘመም ብያለሁ።

ተቃናሁ።